ሳድስ ላይ የቆሙ ሥራዎች

ነሐሴ 2017፣ መጀመሪያ። ቆጠራ

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሥራ አለ።

ክራር፦ የዋንዛ ገበቴው ተፈልፍሏል። አፉ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 9። ሁለቱ ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ ቀንበሩም ተገጥሟል። ቆዳ አልለበሰም፤ ክርም የለውም።

ፊደል፦ የእጅ ጽሑፌን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፊደል ለማድረግ የተጀመረ ሥራ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ከግዕዝ እስከ ኃምስ ያለው ተስሏል። ሳድስ ባዶ ነው፤ ሳብዕ የተሳለው ግማሹ ብቻ ነው።

የግጥም ደብተር፦ ገጹ ሁሉ በአንድ አንድ ስንኝ ተጀምሯል። ቤት የሚመታው ሁለተኛ ስንኝ የለም።

ሦስቱም ከተጣሉ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ያወጣኋቸው ለመጨረስ ብቻ አይደለም። ሥራው የት ቦታ ላይ እንደተቋረጠ ባየው፣ ስለ ራሴ የማላውቀውን ነገር ያሳየኛል ብዬ አምናለሁ። ሙያዬ ቅየሳ ነው። መስክ ላይ የድንበር ችካል የቆመበት ቦታ ብዙ ታሪክ ይናገራል፤ የራሴንም ችካሎች በዚያው ዓይን ላያቸው ፈለግሁ።

ጥያቄዎቹ የእህቴ ልጅ ሐሳብ ናቸው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኛ ዘንድ ናት። ትናንሽ ወረቀት ላይ ጥያቄ ጽፋ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፦ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ወረቀት አወጣለሁ፣ ወዲያው እመልሳለሁ፣ መልሱን ደግሞ በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ መጠቀም አለብኝ። ስለ መልሱ ምክንያት መስጠት ክልክል ነው።

«ጋሼ፣ ካሰብክ አይቆጠርም» አለችኝ።

ነሐሴ፣ ቀጥሎ። የገበቴው ከንፈር

የወጣው ጥያቄ፦ «እንጀራ ከዳር ነው ከመሐል የምትቆርሰው?»

ከዳር። ምንም አላሰብኩም።

ስለዚህ ከገበቴው ዳር ተጀመረ። መጀመሪያ ሲፈለፈል ከንፈሩ ስለታም ሆኖ ቀርቷል። እርጥብ ቆዳ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ስለታም ጠርዝ ላይ ከተወጠረ ጠርዙ ይቆርጠዋል። ከንፈሩ ወደ ውጭ ተሞርዶ ክብ መሆን አለበት። በሞረድ ጀመርኩ፣ በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ቀጠልኩ፣ በ120 እና በ240 ጨረስኩ። ጣት ሲሄድበት የሚይዝ ነገር እስኪጠፋ።

ዋንዛ ለዚህ ሥራ ደግ እንጨት ነው። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም። ማሲንቆም በገናም የሚሠራበት በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛው ምሰሶ ከገበቴው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ይነቃነቅ ስለነበር ስንጥር በኮላ አስገብቼ በሞርሳ አሳደርኩት። አሁን ጸንቷል።

እንጀራውን ከዳር እንደምጀምር ግን ከዚህ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር። እማዬን ጠየቅኋት። «አንተ ከልጅነትህም ዳር ዳሩን በልተህ መሐሉን፣ ወጡ የራሰውን፣ ለእህትህ ነበር የምትተወው» አለች። ይህን ጻፍኩት። መልካሙን ክፍል እየተጠጋሁ ስመጣ እተወዋለሁ ማለት ነው? ገና አላውቅም። በሌሎቹ ጥያቄዎች ይፈተናል።

ነሐሴ መጨረሻ። የመጀመሪያው ቆዳ

ከመርካቶ የደረቀ የፍየል ቆዳ ተገዛ፤ 600 ብር። ተነክሮ ሲለሰልስ ተወጠረ፤ ከገበቴው ጀርባ በጠፍር ተሸረበ። ከዚያ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ቆዳው ቀስ ብሎ ሳይሆን ጭራሽ አልደርቅ አለ። በሳምንቱ ከታች በኩል አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ፤ ሸተተም። ከሰል አጠገብ ባደርገው በአንድ ወገን ብቻ ደርቆ ተሸበሸበ። ፈትቼ አነሳሁት።

ከዚህ የተያዘ፦ በነሐሴ ቆዳ አይወጠርም። መስከረም አጋማሽ ላይ አየሩ እስኪደርቅ መጠበቅ ይሻላል። ሙቀት ሳይሆን የሚዘዋወር ደረቅ አየር ነው የሚያስፈልገው፤ ፀሐይና እሳት ከላይ ያለውን ቶሎ አድርቀው ከውስጥ ያለውን እርጥብ ይተዉታል። የተነሳው ቆዳ ደህና ክፍል ለክር መምቻ ይሆናል፤ ቆርጬ አስቀመጥኩት።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ያው ሳምንት። ፊደል

ቆዳው እስኪደርስ ወደ ፊደሉ ዞርኩ። መሣሪያው እንዲህ ነው፦ ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ፣ ጥቁር ቀለም፣ ወፍራም ወረቀት። የተጻፈው በስካነር ይገባል፤ ዙሪያው ኢንክስኬፕ በሚባል የሥዕል ሶፍትዌር ይሳላል፤ ከዚያ ፎንትፎርጅ በሚባል የፊደል መሥሪያ ሶፍትዌር እያንዳንዱ ቅርጽ መቀመጫው ላይ ይገባል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር) ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ሰንጠረዥ አለው። እዚያ አንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት መቀመጫ ይይዛል፤ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት ነው።

ከግዕዝ እስከ ኃምስ ያለውን ዛሬ ስመለከተው የቀያሽ ሥራ ነው። ካዕብን ለመሥራት ከቀኝ ወገብ ላይ ጭረት ይወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሹ። ሣልስ ላይ ያው ጭረት ወደ እግር ይወርዳል። ራብዕ ላይ አንዱ እግር ይረዝማል፤ ኃምስ ላይ እግሩ ቀለበት ያበጃል። እንደ ሩና ፉ ያሉ የሚያፈነግጡ አሉ፤ ቢሆንም ብዙው በሕግ ይሄዳል። ጭረቱን አንድ ጊዜ ስዬ በኮፒ ሁሉም ላይ ለጥፌዋለሁ። ቁመቱ፣ ርቀቱ፣ ውፍረቱ ሁሉ በቁጥር ተመዝግቧል።

ሳድስ ላይ ይህ አይሠራም። ብ በግራ ጎኗ ጭረት ታወጣለች፤ ር ትታጠፋለች፤ ም ከታች እግር ትጥላለች። አንዱን ከሌላው ኮፒ ማድረግ አይቻልም፤ እያንዳንዱን በዓይን አይቶ መወሰን ነው። ሳድስ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምንጽፈው ነው። «ድልድይ» አራቱም ፊደሏ ሳድስ ነው፤ የፊደሉ መሞከሪያ ቃል አድርጌ የያዝኳት ለዚህ ነው። ያለ ሳድስ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መጻፍ አይቻልም።

የወጣው ጥያቄ፦ «ከፊደላት ውስጥ ቡና ጠጡ ብለህ የምትጠራው ማንን ነው?»

ር።

ሥራውን ትቼው የነበረው ህ ላይ ነው፤ በተራ ልሄድ ብዬ። አሁን መልሱ ር ስለሆነ ከር ተጀመረ። አንድ ሙሉ ወረቀት በር ሞላሁ። ብርዑን ቀጥ አድርጎ መያዝ ደረቅ ር ይሰጣል፤ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ሲያጋድል መታጠፊያዋ ላይ ቀጭን፣ ጅራቷ ላይ ወፍራም ትሆናለች። ከወረቀቱ ላይ ስድስት ያህሉን ቆርጬ የእህቴን ልጅ አሳየኋት። ስለ ማዕዘኑ ማስረዳት ስጀምር ጆሮዋን ያዘች። መረጥኩ። የመጀመሪያው ሳድስ ፋይሉ ውስጥ ገባ።

መስከረም 2018፣ መጀመሪያ። ሁለተኛው ቆዳ

ጎረቤት ለዘመን መለወጫ ፍየል አርዶ ነበር፤ ቆዳውን ለምኜ ወሰድኩ። በበዓል ማግስት በየመንደሩ ጥግ ተጥሎ የሚበሰብሰውን ቆዳ ሳይ ከልብ አዝናለሁ። ከበሮው፣ ክራሩ፣ ማሲንቆው ሁሉ በእሱ የሚናገር ሀገር ነው።

አሠራሩ፦ ወዲያው ታጥቦ፣ ሥጋና ስብ በደነዘ ቢላ ተፍቆ፣ ኖራ በተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ተነከረ። ጓንት ያስፈልጋል፤ ኖራ እጅ ያቃጥላል። በየቀኑ በዱላ ማገላበጥ፤ ፀጉሩ በእጅ ሲሳብ መውጣት ሲጀምር መፋቅ። ከዚያ ኖራው ጨርሶ እስኪወጣ በብዙ ውኃ ማጠብ። ኖራ የቀረበት ቆዳ ሲደርቅ ይሰባበራል። ባልዲው ለጊዜው የእማዬ ነበር፤ አሁን የእኔ ሆኗል፣ ለእሷ አዲስ ገዛሁላት።

የቆዳው ምርጫ ላይ ቆምኩ። የትኛው ውፍረት ይሁን፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይስ ቆዳው ላይ የት ይቀመጥ? ቀጭኑ የቆዳ ክፍል ሆዱ አካባቢ ነው፤ ወፍራሙ ጀርባው ላይ ነው። ቀጭኑ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ወፍራሙ ጎርነን ያለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የወጣው ጥያቄ፦ «ከቤታችን ድምፆች የትኛው ቢጠፋ ትናፍቃለህ?»

የሙቀጫው። እማዬ ቅመም ስትወቅጥ ከጓሮ የሚመጣው ድምፅ። ይህን ስመልስ የራሴ መልስ አስገረመኝ፤ ሬዲዮ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወል የምል ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ጀርባው ተመረጠ። ድልድዩም ወደ ቆዳው መሐል ቀረበ፤ ወደ ከንፈሩ ሲጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደ መሐል ሲመጣ ይወፍራል። ቆዳው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ደረቀ። በየማታው ጠፍሩን ትንሽ ትንሽ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ በጣት ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ አጭርና ወፍራም ነው። ደስ ብሎኛል።

መስከረም አጋማሽ። የክር ሒሳብ

ይህ ክፍል ለእኔ ቀላሉ ነው፤ ስለዚህም በደንብ ጻፍኩት፣ ሌላ ሰው ይጠቀምበት።

በክራር ላይ የክሮቹ ርዝመት ተቀራራቢ ነው። የኔው ከድልድይ እስከ ቀንበር 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ እኩል ከሆነ ድምፁን የሚለየው ውፍረትና ውጥረት ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ክር ቢሠሩት ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው ክር ከወፍራሙ አራት እጥፍ ውጥረት ይሸከማል፤ አንዱ ይልፈሰፈሳል፣ ሌላው ጣት ይቆርጣል። ውጥረቱ እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ውፍረቱ ድምፁ በጨመረ መጠን መቀነስ አለበት። ዶ ላይ 0.90 ሚሊ ሜትር ብንነሳ ሬ 0.80፣ ሚ 0.70፣ ሶል 0.60፣ ላ 0.50 ገደማ፣ የላይኛው ዶ 0.45 ይሆናል።

ድሮ ክሩ ጅማት ነበር። እኔ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዛሁ፤ በሚሊ ሜትር ስለሚሸጥ ለሒሳቡ ይመቻል። የታችኛው ዶ 131 ኸርዝ (በሰከንድ 131 ንዝረት) ሲሆን ስድስቱ ክሮች በአንድነት ቀንበሩን ወደ ሰባት ኪሎ ተኩል በሚሆን ኃይል ይስባሉ። ምሰሶዎቹ ቻሉት፤ ያ በኮላ የገባው ስንጥርም አልተንቀሳቀሰም።

መቃኛው የጨርቅ ነው። ክሩ ከጨርቅ ጋር ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ጨርቁ ሲዞር ክሩ ይጠብቃል። መጀመሪያ የሞከርኩት ፖሊስተር ተንሸራተተ። አቡጀዲ ረጠብ አድርጎ መጠምጠም ያዘ።

ናይለን መጀመሪያ ሰሞን ይለጠጣል። ማታ የተቃኘው ጠዋት ወርዶ ይገኛል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ በየቀኑ መልሶ መቃኘት። ደመና ሲሆን ደግሞ ቆዳው እርጥበት ይስብና ላላ ይላል፣ ድምፁ አብሮ ይወርዳል።

መስከረም መጨረሻ። ቅኝቱ የቱ ነው?

እዚህ ሥራው ሊቆም ነበር። ክሩ አለ፣ ስልክ ላይ ያለው መቃኛ አለ፣ ላ 440 ይላል። ግን ክራሩን በየትኛው ቅኝት ላስቀምጠው?

የአራቱን ቅኝቶች ልዩነት በክር ላይ እንዲህ ያዝኩት። ትዝታ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ከእሱ ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉ ሐዘን ያለበት ሌላው ትዝታ ይመጣል። ባቲ፦ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል፦ ከትዝታ ተነስቶ ሬን ግማሽ ዝቅ፣ ሚን ግማሽ ከፍ፣ ላን ግማሽ ዝቅ ማድረግ። አንቺ ሆዬ፦ ሬን ግማሽ ዝቅ፣ ሚን ግማሽ ከፍ፣ ሶልን ግማሽ ዝቅ፤ ላ ባለበት ይቆያል። የፒያኖ አቆጣጠር ስለሆነ የአዝማሪን ጆሮ ሙሉ በሙሉ አይገልጽም፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

ራሴን የትዝታ ሰው አድርጌ ነው የኖርኩት። ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ጥርጥር ትዝታ እል ነበር። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትዘፍን ሰምቼ ያደግሁ ሰው ሌላ ምን ይላል?

የወጣው ጥያቄ፦ «ማንም ሳይሰማህ ምን ታንጎራጉራለህ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም አልሰማውም። የእህቴ ልጅ ፈቃድ ጠየቀችኝና ስልኳን መሥሪያ ቦታዬ ላይ አስቀመጠች። በብርጭቆ ወረቀት ስሞርድ፣ ቀለም ስበጠብጥ፣ የማንጎራጉረውን ቀዳች። ማታ አብረን አዳመጥነው። ዜማው የሚታወቅ ዘፈን አይደለም፣ ቃልም የለውም። መቃኛው ላይ ሳስሮጠው ከመነሻው ድምፅ ግማሽ ብቻ ከፍ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ደጋግሞ ታየ። ከዚያ ወደ አራተኛው ይዘላል፣ አምስተኛው ላይ ያርፋል፣ ከእሱ ግማሽ ከፍ ይልና ይመለሳል። ይህ ትዝታ አይደለም። አምባሰል ነው።

እናቴ የአምባሰል ሰው ናት፤ ተራራው ሥር ነው ያደገችው። «ታዲያ ምን ትጠብቅ ነበር?» አለች፣ ቅጂውን ሰምታ። ስትወቅጥ የምታንጎራጉረውን እንደማንጎራጉር ነገረችኝ። ይህን በሕይወቴ ሙሉ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ክራሩ በአምባሰል ተቃኘ።

ጥቅምት መጀመሪያ። ጎረቤቱ

ከእኛ ሦስት በር አልፎ የሚኖሩት ሽማግሌ ክራር ይመታሉ። ይዤው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይመልከቱልኝ። ቅኝቱ ልክ ነው?»

መቱት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። «ቅኝቱስ ልክ ነው። ዝፈንበት እስቲ።»

ዘፈንኩ። ላይኛው ድምፅ ላይ ታንቄ ቀረሁ።

«አየህ ልጄ፣ ክራሩን የቃኘኸው ለስልክህ ነው። ለጉሮሮህ አውርደው።»

ጨርቆቹን እያዞሩ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ታች አመጡት። ቤት ገብቼ ስለካው የታችኛው ድምፅ ወደ 117 ኸርዝ ወርዷል። ጉሮሮዬ ተመቸው። ክሩ ግን ላላ፤ ወፍራሙ ድልድዩ ላይ መንዘር ጀመረ። ሒሳቡን መልሼ ሳየው ለዚያ ድምፅ 1.00 ሚሊ ሜትር ክር ያስፈልጋል። ተገዛ፣ ተቀየረ፣ ንዝረቱ ጠፋ። ሌሎቹ እንዳሉ ይሠራሉ፤ ልስላሴያቸውን ወድጄዋለሁ።

ጥቅምት፣ ቀጥሎ። የቆሙበት ቦታ

ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ አነበብኩት። ሦስቱም ሥራ የቆመው ሕጉ ባለቀበት ቦታ ነው። ክራሩ በማስመሪያ የሚለካው ሁሉ ተሠርቶ ጆሮ የሚወስነው ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊደሉ በኮፒ የሚሠራው አልቆ ዓይን የሚወስነው ላይ ሲደርስ ቆመ። ግጥሙ ደግሞ የመጀመሪያው ስንኝ ልኬት አለው፤ የወል ቤት ከሆነ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ቁራጭ፣ ይቆጠራል። ሁለተኛው ስንኝ ግን ልኬቱ ብቻ አይበቃውም፤ ምን ማለት እንደምፈልግ ማወቅ ይጠይቃል።

እስካሁን ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ስንፍና ቢሆን ከባዱ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ገበቴ መፈልፈል ከመቃኘት ይከብዳል፣ እሱ ተሠርቷል። ጊዜ ማጣትም አይደለም። የሚያስቆመኝ «የቱን ትወዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መስክ ላይ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ነጥቡ ያለበት ቦታ አለ፣ እሱን መያዝ ነው ሥራዬ።

ግምቱን ለማፍረስ ሞከርኩ። የጨረስኩት፣ ሕግ የሌለው ነገር ይኖር እንደሆነ ቤተሰቡን ጠየቅሁ። እህቴ አንድ አገኘች። ልጇ ሕፃን ሳለች ሳስተኛት ከራሴ የፈጠርኩት እሹሩሩ ነበር፤ በየሌሊቱ ቃሉ እየተቀየረ፣ እሷ እስክትተኛ እየተራዘመ። እህቴ አሁንም በቃሏ ትይዘዋለች። ያን ጊዜ ምርጫው ሁሉ የእኔ ነበር፣ አንዱም አላስቆመኝም።

ስለዚህ ግምቱ ተስተካከለ። ብቻዬን ስሆን ነው የምቆመው። ፊት ለፊቴ አንድ ሰው ካለና የሚፈልገው ትክክለኛ መልስ ሳይሆን እኔን ከሆነ እቀጥላለሁ። ቆርቆሮው የሠራልኝም ይኸው ነው፤ «እንጀራ ከየት ትቆርሳለህ?» ለሚለው ትክክለኛ መልስ የለውም፣ ግን አንዲት ልጅ መልሴን እየጠበቀች ናት። የቀልድ ጥያቄ ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። ስለ ዓላማህና ስለ ራእይህ ንገረን የሚሉ ቅጾች ብዙ ሞልቻለሁ፤ አንዱም ስለ ሙቀጫው አላስታወሰኝም።

ጥቅምት መጨረሻ። ግጥም

ገጹን የከፈተችው የእህቴ ልጅ ናት። የነበረው ስንኝ፦

ሜዳውን ለክቼ ድንበሩን ባቆመው፣

ቀለሙ ሞልቷል፤ ስድስት ስድስት ነው። ቤቱ በ«መው» ይመታል። ከዚህ በፊት ከጎኑ በእርሳስ የተደረደሩ ቃላት አሉ፦ ጠመመው፣ ፈጸመው፣ ሸለመው። ዝርዝር ብቻ፤ አንዱም ወደ ስንኝ አልገባም።

የወጣው ጥያቄ፦ «በሕልምህ ውስጥ ሁልጊዜ ስንት ሰዓት ነው?»

አሥር ሰዓት። ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ የችካሉ ጥላ ሲረዝም። ከዚያ ሌላ ሰዓት አይቼ አላውቅም። ይህን ካልኩ በኋላ ሕልሙን የመረጥኩት እኔ እንዳልሆንኩ አሰብኩ፤ ስንኙ በዚያ መጣ፦

ሜዳውን ለክቼ ድንበሩን ባቆመው፣
የገዛ ሕልሜን ግን ማን ይሆን ያለመው?

እማዬ ሰምታ «ድገመው» አለች። ያ ይበቃል። ሌሎቹ ገጾች አሉ፤ በዚህ ወር ግን አልነካቸውም።

ጥቅምት መጨረሻ። ወጪ

የመጀመሪያው ቆዳ 600 ብር፤ ሁለተኛው በነፃ። ኖራ 80። ጠፍር 250። ብርጭቆ ወረቀት 240። ኮላ 220። ናይለን ሰባት ጥቅል 1,260፤ ጥቅል ሙሉ እንጂ ተቆርጦ ስለማይሸጥ ነው፣ የተረፈው ለሌላ ብዙ ክራር ይሆናል። በድምሩ 2,650 ብር፤ ባልዲውን ሳይጨምር። የፊደሉ ሶፍትዌሮች በነፃ የሚገኙ ናቸው። ቀለሙና ወረቀቱ ቤት ነበር።

ድጋሚ ቢሠራ የመጀመሪያውን ቆዳ አልገዛም፤ መስከረምን እጠብቃለሁ። ክሩንም ሁለት ሦስት ሰው ተባብሮ ቢገዛ ይረክሳል።

ኅዳር መጀመሪያ። ያለበት ሁኔታ

ክራር፦ ናይለኑ ረግቷል። ሁለተኛው ክር ብቻ አሁንም ጠዋት ጠዋት ትንሽ ወርዶ ይገኛል፤ ጨርቁ እንጂ ክሩ አይመስለኝም፣ በአዲስ አቡጀዲ እቀይረዋለሁ። ገበቴውን ቫርኒሽ መቀባት ቀርቷል፤ ቆዳው ላይ እንዳይፈስ በቴፕ መከለል ያስፈልጋል።

ፊደል፦ ሳድስ ከአንዱ በስተቀር አልቋል። ድልድይ ተጻፈች። ድ ከል ጋር ስትጠጋ ክፍተቱ ይሰፋ ስለነበር ከጎኗ ያለው ባዶ ቦታ ተቀነሰ። ም ከሌሎቹ ወፍራ ስለታየች እንደገና ተጻፈች፤ አሁን ከር ጋር በአንድ እጅ የተጻፈች ትመስላለች። ለንባብ በትንሹ ታትሞ ተሞከረ፤ ብ እና ር ይለያሉ፣ ን እና ስ ጥሩ ናቸው።

የቀረችው ጭ ናት። «ከፊደላት ጎረቤቴ እንዳትሆን የምትለው ማንን ነው?» ተብዬ የመለስኩት እሷን ነበር፤ እስከ መጨረሻ የቆየችውም ለዚያ ነው። ሁለት ቅርጽ ጻፍኩላት። አንዱ ወርዱ ከጨ ጋር እኩል ነው፣ ለሰንጠረዡ ይመቻል። ሌላው ወደ ግራ ሰፋ ይላል፣ መቀመጫውን ትንሽ ያልፋል። የእህቴ ልጅ ትምህርት ላይ ስለሆነች ስልክ ደወልኩላትና ሁለቱንም ፎቶ ላክሁ።

«ጋሼ፣ አንተ ንገረኝ እንጂ እኔ አልመርጥም» አለች።

ሰፊውን አልኳት። ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ሳብዕን እንደጨረስኩ የግዕዝ ቁጥሮች ይጀመራሉ፤ ከ፩ እስከ ፼ ሃያ ምልክት ናቸው፣ ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ውፍረት ገና አልተወሰነም። ለዚህ ሳምንት ከቆርቆሮው ወረቀት አላወጣሁም፤ ቅዳሜ ስትመጣ እናወጣለን።